ነፍሰ ጡር ሴትና የአይሮፕላን ጉዞ

«ወላድ በድባብ ትሂድ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አነጋገር ልጅ ያፈራች ሴት ክብርና ጥንቃቄ እንደሚገባት የሚያስረዳ ምርቃት ነው። አያቶቻችን ይህን ሲሉ በዐሳባቸው የነበረው የእግርና የበቅሎ መንገድ ነበር፤ ዛሬ ግን የወላዷም የነፍሰ ጡሯም መንገድ ከምድር ወደ አየር ከፍ ብሏል። የበኩር ልጇን በእናቷ ቤት ለመውለድ ከዱባይ ወይም ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የምትመጣ አለች፤ ባሏን ተከትላ ወደ ዋሽንግተን የምትሻገር አለች፤ ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር ለሕክምና አንድ ሰዓት ያህል በርራ ዋናው ከተማ የምትደርስም አለች። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት በአይሮፕላን ብትሄድ ትጎዳለችን? ጽንሱንስ ያሰጋዋልን? የሚለው ጥያቄ የጥቂቶች መሆኑ ቀርቶ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ሆኗል።

ስለዚህ ነገር በየቤቱ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንደኛው «እርጉዝ ሴት አየር ላይ ከወጣች ታስወርዳለች፤ ከፍታው ምጥ ያመጣባታል» የሚል የፍርሃት ወሬ ነው። ሁለተኛው «የዛሬ አይሮፕላን እንደ አልጋ የተመቸ ነው፤ እስከ መውለጃዋ ቀን ብትሄድበት ምን ትሆናለች» የሚል የቸልተኝነት ወሬ ነው። ፊተኛው ወሬ ያለ ችግር ልትጓዝ የምትችለውን እኅት ከእናቷና ከዘመዶቿ ይለያታል። ኋለኛው ደግሞ መቅረት የሚገባትን ሴት ከአዋላጅ አርቆ በሰማይና በምድር መካከል ለጭንቅ ይዳርጋታል። በሁለቱም ወሬ የሚጎዱት እናቲቱና ልጇ ናቸውና፥ በዚህ ወር ዓምዳችን ነገሩን በሐኪሞች ዕውቀት ልንመረምረው ወደድን።

ዋናውን ነገር አስቀድመን እንናገር። እናቲቱ ጤነኛ ከሆነች፥ እርግዝናዋም ያለ እክል የሚሄድ ከሆነ፥ አልፎ አልፎ በአይሮፕላን መጓዝ እርሷንም ጽንሱንም አይጎዳም። የአሜሪካ የጽንስና የማኅፀን ሐኪሞች ኮሌጅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. ያወጣው ምክር ይህንኑ ያረጋግጣል። አደጋው የሚመጣው ከአየሩ ሳይሆን ከሦስት ነገሮች ነው፤ ይኸውም የእርግዝናን ጊዜ አሳስቶ ከመቊጠር፥ ሕመምን ከመሸሸግ፥ ብዙ ሰዓትም ሳይንቀሳቀሱ ከመቀመጥ ነው። ሦስቱም በሰው እጅ ያሉ ናቸውና ሦስቱንም ማስወገድ ይቻላል።

በመጀመሪያ ሕዝብ አጥብቆ ስለሚፈራው ስለ አየሩ እንናገር። ትልቁ አይሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይበርራል። በዚያ ከፍታ ያለው አየር እጅግ የሳሳ ስለ ሆነ ሰው ተንፍሶት ሊኖር አይችልም። ስለዚህ መንገደኞች የሚቀመጡበት ክፍል ታሽጎ አየር በመሣሪያ ይሞላበታል። ይሁን እንጂ የሚሞላው አየር በባሕር ጠረፍ እንዳለው የጠበቀ አይደለም፤ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ አገር እንደሚገኘው አየር ነው። የአዲስ አበባ አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ የደብረ ብርሃን ሴት አርግዛ እስክትወልድ ድረስ ቤቷ ተቀምጣ የምትተነፍሰው አየር በአይሮፕላን ውስጥ ካለው ይልቅ የሳሳ ነው ማለት ነው።

የጥንቱ ፍርሃት ግን ፈጽሞ መሠረት የሌለው አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት ወር 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ባደረገ ጊዜ የተጠቀመባቸው የዳኮታ ዓይነት አይሮፕላኖች፥ እንዲህ ታሽጎ አየር የሚሞላበት ክፍል አልነበራቸውም። በ2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ በተረከበው በቦይንግ 787 ውስጥ ያለው አየር ግን ከአዲስ አበባ አየር ይልቅ የጠበቀ ነው። ዘመኑ ተለውጧልና ወሬውም ከዘመኑ ጋር ሊለወጥ ይገባዋል።

ዝቅተኛ በሆነ አገር፥ ለምሳሌ በዱባይ የምትኖር ሴትስ? አይሮፕላኑ ሲነሣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከባሕር ጠረፍ ወደ አዲስ አበባ ከፍታ እንደ ወጣች ትሆናለች። ልቧ ጥቂት ፈጠን ብሎ ይመታል፤ ጤነኛ ሴት ግን ይህን ያለ ችግር ትችለዋለች። ጽንሱም ቢሆን ያለ መከላከያ አልተተወም፤ የጽንስ ደም ከእናቱ ደም ይልቅ ኦክሲጅንን አጥብቆ የመያዝ ኀይል አለውና። ደሟ እጅግ ላነሰ፥ ወይም የልብና የሳምባ ሕመም ላለባት ሴት ግን ይህ ለውጥ ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለችው ሐኪሟን ሳታማክር ልትሳፈር አይገባትም።

ስለ ጨረርም የሚጨነቁ አሉ። ከፍ ብሎ በሚበርር አይሮፕላን ውስጥ ከጠፈር የሚመጣው ጨረር በምድር ላይ ካለው እንደሚበልጥ እውነት ነው። ነገር ግን በእርግዝና ወራት እንዳይታለፍ ከተመደበው ወሰን፥ ማለት ከአንድ ሚሊሲቨርት ጋር ሲመዛዘን፥ ከአህጉር ወደ አህጉር የሚደረገው እጅግ ረጅሙ በረራ እንኳ ከ15 በመቶ አያልፍም። ይህ ሊያሳስባቸው የሚገባ ሥራቸው በአየር ላይ የሆነ አስተናጋጆችና ዘወትር የሚመላለሱ ነጋዴዎች ናቸው፤ እነርሱ ማርገዛቸውን እንዳወቁ ለሐኪማቸውና ለአሠሪያቸው ሊናገሩ ይገባል። በማረፊያው ደጃፍ ስለሚደረገው ፍተሻ ደግሞ፥ በራጅ የሚታየው ሻንጣው ነው፤ መንገደኛው የሚያልፍበት የተለመደው በር ብረት መለያ መሣሪያ ነው እንጂ ራጅ አይደለም። ልቧ ያልተረጋጋ ሴት ብትኖር በሴት ፈታሽ እጅ እንድትፈተሽ ልትጠይቅ ትችላለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፥ ወደ ጊዜ አቈጣጠሩ እንመለስ። አየር መንገዶች እርጉዝ ሴትን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ አናሳፍርም የሚሉት በረራው ምጥ ያመጣል ብለው አይደለም። ምጥ በራሱ ጊዜ ሲመጣ ቦታው የማይሆን ስለ ሆነ ነው። አስተናጋጆቹ የመጀመሪያ ርዳታ የተማሩ ቢሆኑም፥ አዋላጅና የቀዶ ሕክምና ክፍል፥ ለምትደማ እናት የሚሰጥ ደም፥ ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን የሚሆን ማሞቂያና መተንፈሻ በአይሮፕላን ውስጥ የሉም። አይሮፕላኑ በውቅያኖስ ላይ ሳለ ወደሚያርፍበት ቦታ ለመድረስ ብዙ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። በሆስፒታል በጥቂት ደቂቃ የሚረዳው ችግር በአየር ላይ የእናትና የልጅ ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አብዛኛው የአየር መንገድ ልማድ እንዲህ ነው። 28ኛው ሳምንት ካለፈ በኋላ፥ የምትወልድበትን ቀንና እርግዝናው ጤናማ መሆኑን የሚገልጽ የሐኪም ወይም የአዋላጅ ደብዳቤ ይጠየቃል። የጸነሰችው አንድ ልጅ ከሆነ እስከ 36ኛው ሳምንት መጨረሻ፥ መንታ ከሆነ እስከ 32ኛው ሳምንት መጨረሻ መጓዝ ይፈቀዳል። እያንዳንዱ አየር መንገድ የራሱ ደንብ ስላለው፥ ከዚህ የጠበቀም ሊኖር ስለሚችል፥ ቲኬት ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ችግሩ እኛ የምንቈጥረው በወር፥ ሐኪሞችና አየር መንገዶች የሚቈጥሩት በሳምንት መሆኑ ነው። በአገራችን ልማድ እርግዝና ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይባላል። ይህም ከመጋቢት 29 ቀን ከፅንሰቱ በዓል እስከ ታኅሣሥ 29 ቀን እስከ ልደት፥ ጳጉሜን ጨምሮ ያለው 275 ቀን ነው። ሐኪሞች ደግሞ 280 ቀን፥ ማለት 40 ሳምንት ይላሉ። ልዩነቱ የአምስት ቀን ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን የሁለቱ መነሻ አንድ አይደለም። ያገራችን ቊጥር ከጽንስ ይጀምራል፤ የሐኪሞቹ ቊጥር የሚጀምረው ግን ሴቲቱ የመጨረሻውን የወር አበባዋን ማየት ከጀመረችበት ቀን ነው። ከእኅቶቻችን ብዙዎቹ ደግሞ ወር አበባው ከቀረበት ቀን ጀምረው ይቈጥራሉ፤ ስለዚህ ከመነሻው አራት ሳምንት ይጎድልባቸዋል።

ይህ ስሕተት ምን እንደሚያስከትል በቊጥር እንመልከተው። በሐኪሞች መነሻ፥ በሠላሳ ቀን ወር ስናሰላው፥ 28 ሳምንት 6 ወር ከ16 ቀን ነው፤ 32 ሳምንት 7 ወር ከ14 ቀን ነው፤ 36 ሳምንት ደግሞ 8 ወር ከ12 ቀን ነው። አንዲት እኅት ወር አበባው ከቀረበት ቀን ጀምራ ቈጥራ «ገና ስምንት ወሬ ነው፤ ለመሄድ ጊዜ አለኝ» ብትል፥ 240 ቀን ላይ የጎደለው 28 ቀን ሲጨመር 268 ቀን ይሆናል። ይህም 38 ሳምንት ከ2 ቀን ነው። እርሷ ገና አንድ ወር ከአምስት ቀን ይቀረኛል ስትል ምጡ በዚያው ሌሊት ቢመጣ የሚያስደንቅ አይሆንም። ስለዚህ ማንኛዋም እርጉዝ ሴት የመጨረሻውን የወር አበባዋን የመጀመሪያ ቀን ጽፋ ታስቀምጥ፤ ቀኑ የተረሳት ወይም ወር አበባዋ የሚዛባባት ከሆነች በመጀመሪያዎቹ ወራት በአልትራሳውንድ ብትታይ ሐኪሙ ጊዜውን በትክክል ሊነግራት ይችላል። ስለ ጉዞው ሲታሰብም የመሄጃው ቀን ብቻ ሳይሆን የመመለሻው ቀንም ይቈጠር። በ33ኛው ሳምንት ሄዳ ከአምስት ሳምንት በኋላ እመለሳለሁ የምትል ሴት መመለሻዋ ተዘግቶባታል።

ለጉዞ የተሻለው ጊዜ ከ14ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ያለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማቅለሽለሽና ድካም ይበዛል፤ ጽንስም በተፈጥሮው ብዙ ጊዜ የሚወርደው በዚያን ጊዜ ስለ ሆነ፥ ከጉዞ ጋር ሲገጣጠም ምክንያቱ አይሮፕላኑ ነው ተብሎ በከንቱ ይታማል፤ እናቲቱም ልጄን በራሴ እጅ ገደልሁ ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጸጸት ትኖራለች።

ሁለተኛው አደጋ መሸሸግ ነው። ሆዳቸውን በሰፊ ቀሚስ ሸፍነው፥ ወራቸውን አሳንሰው የሚሳፈሩ እኅቶች መኖራቸው የታወቀ ነው። በሰው አገር በሰው ቤት ስትሠራ ቈይታ፥ ፈቃዷ አልቆ ወይም ተሰናብታ ወደ አገሯ የምትመለስ ሴት፥ «ቢያውቁብኝ ያስቀሩኛል» ብላ ትፈራለች። እንዲህ ያለችውን መንቀፍ ቀላል ነው፤ ማንም ስላልመከራትና ስላልጠየቃት ነው እንጂ በክፋት አላደረገችውም። ነገር ግን ወሯን የምትደብቀው ከአየር መንገዱ ሹም ይመስላታል፤ በእውነቱ የምትደብቀው በጭንቅ ሰዓት ከሚደርስላት ሰው ነው። ከሚያውቁት ሐኪም የተሳሳተ ቀን የሚያጽፉ ዘመዶችም አሉ። እነዚህ ዘመዳቸውን የረዱ ይመስላቸዋል፤ ያ ወረቀት ግን ምጥን አያስቆምም። እኅቱ ወይም ልጁ በሰው አገር ያለች ቤተሰብ ሁሉ መጠየቅ ያለበት «መቼ ትመጫለሽ?» ብቻ ሳይሆን «ጤናሽ እንዴት ነው? ሐኪም አይቶሻልን? ስንት ሳምንት ሆነሽ?» ብሎ ነው። በፍቅር የተጠየቀች ሴት አትዋሽም።

ጊዜው ቢፈቅድላት እንኳ ሐኪሟ ካልፈቀደላት በቀር መሳፈር የማይገባት ሴት ማን ናት? ደም የሚፈሳት፤ የእንግዴ ልጁ በማኅፀን በር ላይ ያረፈባት፤ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ራሷን የሚያማት፥ ዐይኗ የሚጭበረበርባት፤ የእንሽርት ውኃ የፈሰሳት ወይም ከጊዜው በፊት ሆዷን ቈረጥ እያደረገ የሚያማት፤ ከዚህ በፊት ያለ ጊዜዋ የወለደች፤ ደም በእግሯ ወይም በሳምባዋ ረግቶባት የሚያውቅ፤ የደም ማነሷ የጠና። እነዚህ ሁሉ ቅርብ ሐኪም የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ በጉዞዋ ዋዜማ ቢታይባት ቲኬቱ ይቃጠል እንጂ እርሷ አትሂድ። የቲኬት ዋጋ ይተካል።

ሦስተኛው አደጋ መቀመጥ ነው። በእርግዝና ወራት የሴት ደም ቶሎ የመርጋት ጠባይ ያገኛል፤ ይህም በምትወልድበት ጊዜ ብዙ ደም እንዳይፈሳት ተፈጥሮ ያዘጋጀላት ጥበቃ ነው። ሴቲቱ ግን ጉልበቷን አጥፋ ብዙ ሰዓት ስትቀመጥ በእግሯ ሥር ያለው ደም ተኝቶ ሊረጋ ይችላል፤ የረጋውም ደም ተነሥቶ ወደ ሳምባ ከደረሰ ለሞት ያሰጋል። አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ በሚፈጅ በረራ ይህ ሥጋት ይጨምራል፤ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው በረራ ደግሞ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በመተላለፊያው በኩል ያለውን መቀመጫ ትጠይቅ፤ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነሥታ ጥቂት ትራመድ፤ ተቀምጣም ሳለች ቊርጭምጭሚቷን ታዟዙር። ልብሷ ሰፊ፥ ጫማዋ የማይጠብቅ ይሁን። ሐኪሟ ካዘዘላት እግርን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ካልሲ ታድርግ። በራሷ ፈቃድ ግን ደም ያቀጥናል ብላ አስፒሪን አትዋጥ። ከጉዞው በኋላ አንድ እግሯ ብቻ አብጦ ቢያማት፥ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥራትና ደረቷን ቢወጋት፥ ድካም ነው ብላ ሳትተኛ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ትሂድ።

በአይሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እጅግ ደረቅ ስለ ሆነ ውኃ ደጋግማ ትጠጣ፤ ቡናና ሻይ የውኃን ቦታ አይተኩም። ከፍ ባለ ቦታ በአንጀት ውስጥ ያለ ነፋስ ስለሚሰፋ፥ ከመሳፈሯ በፊት ባቄላ፥ አተር፥ ሽሮና ጥቅል ጎመን አብዝታ ባትበላ ይሻላታል፤ የጋዝ መጠጥም እንዲሁ። የመቀመጫውን ቀበቶ ከሆዷ በታች፥ በዳሌዋ አጥንት ላይ አድርጋ ትታጠቅ፤ በሆዷ ላይ አታሳልፈው። አይሮፕላን ባልታሰበ ጊዜ ሊናወጥ ስለሚችል ተቀምጣ ሳለች ቀበቶውን ባትፈታው መልካም ነው። የክትትል ካርዷን፥ የደም ዓይነቷ የተጻፈበትን ወረቀትና የሐኪሙን ደብዳቤ በትልቁ ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳዋ ትያዝ። በርበሬና ቅቤ የተሞላውን ሻንጣ ደግሞ ሌላ ሰው ያንሣላት።

የምትደርስበትም ስፍራ ይታሰብ። ከደጋ ተነሥታ ወደ ጋምቤላ ወይም ወደ ሌላ ቈላ የምትወርድ እርጉዝ ሴትን የሚያሰጋት ከአይሮፕላኑ ይልቅ ወባ ነው፤ ወባ በእርግዝና ጊዜ ይጠናልና። ስለ መከላከያው መድኃኒትና ስለ አጎበር፥ ቢጫ ወባን ስለ መሰለ ክትባትም አስቀድማ ሐኪም ትጠይቅ።

ወልዳ ስትመለስስ? ሕፃኑ በተወለደ በሁለት ቀን ውስጥ አይሮፕላን ላይ አይወጣም፤ ሰባት ቀን ቢያልፈው ደግሞ ይሻላል። እናቲቱም ከወለደች በኋላ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ደም የመርጋት ሥጋት አይለቃትም። በዚህ ረገድ ያገራችን ልማድ ሐኪሞችን አይቃወምም፤ ልጇን በአርባ ወይም በሰማንያ ቀኑ ክርስትና አስነሥታ፥ በእናቷ ቤት ገንፎዋን በልታና ጠንክራ የምትመለስ ሴት መልካም አድርጋለች።

እናንት አባወራዎችና እናቶች ሆይ፥ ይህን ዓምድ ያነበባችሁት ምናልባት በቤታችሁ ጉዞ ታስቦ ይሆናል። ነፍሰ ጡሯን በወሬ አታስፈራሯት፤ በችኰላም አትገፏት። ባሏ ሐኪም ዘንድ አብሮ ይሂድ፤ ሳምንቱን አብሮ ይቊጠር፤ ሐኪሙ «ትሂድ» ቢል በደስታ ይሸኛት፥ «ትቅር» ቢልም ሳያጉረመርም ይቀበል። እናቷም «ሳትመጪ ቀረሽ» ብላ አትቀየማት፤ ልጅቱ መምጣት ካልቻለች እናቲቱ መሄድ ትችላለችና። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ቃል በየትኛውም አገር ቢነገር ያው ነው፤ ዋናው ነገር የሚባልላት እናት በሕይወትና በጤና መገኘቷ ነው።